ከይሖዋ ምሥክሮች ወጥተው አምላክንም ላጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ላለፉት ጥቂት ዓመታት በስልክም በአካልም ደጋግመው የተጠየቅኳቸው ናቸው። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኔ «በእውነት ውስጥ»፣ ማለትም በይሖዋ ምሥክር ቤት፣ ያደጉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወንድማቸው ወይም ሚስታቸው ወጥተው ግራ የገባቸው ናቸው። ማንንም ከእምነቱ ለማስወጣት የተጻፈ አይደለም። አምኖ ደስ ብሎት የሚኖር ሰው እዚህ ጊዜውን ባያጠፋ ይሻለዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከድርጅቱ መውጣትና በአምላክ አለማመን አንድ ነገር ነው?

አይደለም። በመካከላቸው ወራት፣ ብዙ ጊዜም ዓመታት አሉ፤ ሁለተኛው ጭራሽ የማይመጣባቸውም ብዙ ናቸው። ሬይመንድ ፍራንዝን እንውሰድ። የበላይ አካል አባል ነበር፤ ከዚያ በላይ ሥልጣን የለም። በ1980 ከቦታው ለቀቀ። በ1981 ደግሞ ራሱን ከጉባኤ ካገለለ ሰው ጋር (አሠሪውና አከራዩ ነበር) አብሮ ማዕድ ቆርሰሃል ተብሎ ከጉባኤ ተወገደ። ያም ሆኖ በ2010 እስኪሞት ድረስ ክርስቲያን ነበር።

መውጣቱ ራሱ ግን ብርቅ አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2014 አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ጥናት፣ የይሖዋ ምሥክር ሆነው ካደጉት ውስጥ አዋቂ ሲሆኑ በዚያው የተገኙት 34 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ለምን ሌላ ቤተ ክርስቲያን አልሄድክም?

ይህን የሚጠይቁኝ ኦርቶዶክስና ጴንጤ ጓደኞቼ ናቸው፣ በቅንነት ነው የሚጠይቁኝ። አንዱ «ቤት ቢያፈስ ጎረቤት ይጠለላሉ እንጂ ሜዳ ላይ ይታደራል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን እኔ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ ገና በልጅነቴ አፍርሼዋለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ኮተቤ አካባቢ ከእናቴ ጋር አገልግሎት (ከቤት ወደ ቤት ስብከት) ወጥተን አንዲት እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል፣ ከሥሩ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ፎቶ ነበር። ልጃቸው ነው፤ ሞቷል። እናቴ አየችኝ፣ እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ መክብብ 9:5ን አነበብኩላቸው፦ ሙታን ምንም አያውቁም። አነባበቤ ጥሩ ነበር፣ አልተንተባተብኩም። ሴትዮዋ «አይ ልጄ» አሉና ጀበናውን አንስተው ሁለተኛውን ቀዱልን።

ሥላሴ ሲነሳ ዮሐንስ 14:28፣ ነፍስ አትሞትም ሲባል ሕዝቅኤል 18:4 ከኪሴ ይወጣል። ሲኦል፣ ገና፣ ሥዕል፣ መስቀል፣ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ሌሎቹ ሃይማኖቶች በጅምላ «ታላቂቱ ባቢሎን»፣ ማለትም የሐሰት ሃይማኖት፣ ነበሩ። ስለዚህ የራሴ ቤት በተራው ሲፈርስ የምሄድበት አጣሁ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አውቃለሁ፤ ቅዳሴው ደስ ይለኛል፣ ያሬድን የሚጠላ ማን አለ? ቆሜ ግን ያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጆሮዬ ሥር ጥቅስ ይጠቅሳል። ወደ ጴንጤዎቹም ሄጄ ነበር፤ እዚያም ተከተለኝ።

ከእኛ የወጡ ሰዎች ብዙዎቹ ሃይማኖት ሳይቀይሩ በቀጥታ ወደ አለማመን የሚሄዱት፣ እኔ እንደማየው፣ በዚህ ምክንያት ነው። በሌላው ላይ የተማርነውን ምርመራ አንድ ቀን ወደ ራሳችን አዞርነው።

ያስወጡህ የከሸፉት ቀኖች ናቸው?

ቀን መሳት ይቅር ይባላል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ቻርልስ ቴዝ ራስል መጠበቂያ ግንብ የሚባለውን መጽሔት ማሳተም የጀመረው በ1879 ነው። ተከታዮቹ የዚህ ዓለም መንግሥታት በ1914 ያበቃሉ ብለው ጠበቁ። ሳያበቁ ሲቀሩ ዓመቱ ቀርቶ ትርጉሙ ተለወጠ፤ ክርስቶስ በዚያ ዓመት በማይታይ ሁኔታ በሰማይ ነገሠ ተባለ። በ1925 አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ከሞት ይነሳሉ ተብሎ ተሰበከ። በ1929 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ለእነዚያ የጥንት ሰዎች ማረፊያ የታሰበ «ቤት ሳሪም» የሚባል ቤት ተሠራ፤ የኖረበት ግን የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ነው። ቀጥሎ 1975 መጣ፤ መጨረሻው በዚያ ዓመት ይሆናል ብለው ብዙዎች ጠበቁ። 1914ን ያየው ትውልድ መጨረሻውን ያያል የሚለው ትምህርት በ1995 ተተወ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ተደራራቢ ትውልዶች ናቸው ተባለ። 1914 የተገኘው ኢየሩሳሌም ጠፋች ከሚባልበት ከ607 ቅድመ ልደት ተነስቶ 2,520 ዓመት በመቁጠር ነው፤ የታሪክ ምሁራን ግን ከተማዋ የጠፋችው በ587 ወይም በ586 ነው ይላሉ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። የኩላሊት ነገር ነው። በ1967 መጠበቂያ ግንብ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላን ሰው ከመብላት ጋር አያይዞ አወገዘ። በ1980 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሕሊና ተተወ። በመካከሉ አሥራ ሦስት ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት አይሆንም ብሎ የሞተ ሰው ለማን ብሎ ሞተ? ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌ ብዙ ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ፤ በመጨረሻ ከሱሪዬ ጋር ታጠበ።

ድርጅቱ ተሳሳተ እንበል፤ አምላክ ምን አደረገ?

ምንም አላደረገም። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

አምላክን የማውቀው በማስረጃ ነው ብዬ አምን ነበር። ማስረጃዎቼን ስዘረዝራቸው ግን «ጸለይን፣ በሚቀጥለው በር ፍላጎት ያለው ሰው አገኘን» ዓይነት ነበሩ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ሄዳ ከተመለሰች በኋላ ስለ ጠበሉ በዚያው እርግጠኝነት፣ በዚያው እንባ ታወራለች። ሙስሊሙ የሥራ ባልደረባዬም እንደዚያው። የእኔ ብቻ እውነት፣ የእነሱ አጋጣሚ ወይም የሰይጣን ሥራ የሚሆንበትን ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የጨረስኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ካሳንቺስ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ መጣ። እንደ ወትሮው አንገቴን ደፋሁ፣ «ይሖዋ ሆይ» አልኩና ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፋኝ። መርሳት አይደለም፣ የማናግረው አጣሁ። ቆየሁ መሰለኝ፤ አስተናጋጇ መጥታ «ምነው፣ ጨው አነሰው እንዴ?» አለችኝ። ቀና ብዬ መብላት ጀመርኩ።

«ኃጢአት ስለጣማችሁ ነው» ይሉናል። ምን እንመልስ?

ምንም አትመልሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ኃጢአት ለመሥራት አምላክን መካድ እንደማያስፈልግ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ሳላምን አርማጌዶንን ለምን እፈራለሁ?

ምክንያቱም ፍርሃቱ የገባው ከሐሳቡ በፊት ነው። ማንበብ ሳንችል የድርጅቱ መጽሐፍ ላይ የአርማጌዶንን፣ አምላክ ይህን ዓለም የሚያጠፋበትን ቀን፣ ሥዕል አይተናል፤ ሕንፃ ይናዳል፣ መሬት ይሰነጠቃል፣ ሰው ይጮሃል። ገጹን ስትገልጡ ልጆች ከአንበሳ ጋር ይጫወታሉ። ያንን መጽሐፍ በሃያ ስምንት ዓመታችሁ ስላልተስማማችሁበት ብቻ አንጀታችሁ አይረሳውም።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል፣ የዓለም መሪ በዜና ላይ «ሰላምና ደህንነት» ሲል ልቤ ይመታ ነበር (ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 5:3 ይህ ሲባል ድንገተኛ ጥፋት ይመጣል ይላል)። ነሐሴ ላይ ሌሊት መብረቅ ሲጮህ መብራት አብርቼ የምቀመጥበት ጊዜ ነበር፤ መብራቱ ራሱ ካልሄደ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። የረዳኝ መከራከር አልነበረም። ፍርሃቱ ሲመጣ «ይህ የልጅነቴ ነው» ማለትና ያለፈበት ሰው ጋር መደወል ነው።

እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም ባልኖር ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ወደ ሐኪም ሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚኬደው «ያበዱ» ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ለሐኪሙ ስለ ሃይማኖታችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ካላመናችሁት ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

አባቴ ሞቷል። ትንሣኤ ከሌለ ዳግመኛ አላየውም ማለት ነው?

ከሁሉም ጥያቄ ይህን እፈራዋለሁ፣ ከሁሉም ደግሞ እሱ ይበዛል።

እኛ ቤት የሞተ ሰው ጉዳይ የቀጠሮ ጉዳይ ነበር። አያቴ ስትሞት ብዙም አላለቀስኩም፤ ገነት ውስጥ ስትነሳ ማን ሄዶ እንደሚቀበላት ከእህቴ ጋር እንጣላ ነበር። እሷ አዲስ ቀሚስ ታለብሳታለች፣ እኔ ቴሌቪዥን በርቀት መክፈቻ እንዴት እንደሚከፈት አሳያታለሁ። አባቴም ለጡረታ አይጨነቅም ነበር፤ ይህ ሥርዓት እስከዚያ አይቆይም ይል ነበር። ቆየ። ጡረታ ወጣ፣ ታመመ፣ ሞተ።

ማመን ሳቆም ያለቀስኩት አምላክን ስላጣሁ አልነበረም። አያቴ ያን ጊዜ፣ ከሞተች ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ስለሞተች ነው። ለቅሶ አልተቀመጥኩላትም ነበርና ዘግይቼ ተቀመጥኩ፤ ሰውም አልመጣም፣ ምን ብዬ እጠራለሁ? ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ፦ አዎ፣ እኔ እንደማስበው አታዩትም። ሐዘኑ እንደ አዲስ ቢመጣባችሁ ግን አትደንግጡ፤ ሳይከፈል የቆየ ዕዳ ነው። መቃብሩ ጋ ሂዱ፣ ፎቶውን አውጡ፣ የሚያውቁትን ሰዎች ስለ እሱ ጠይቁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቴ ውሸት ነው?

አማርኛ ያለ እግዚአብሔር ለመናገር የሞከረ ጓደኛ አለኝ። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» ብሎ ያቆማል። ሽማግሌዎች ትንሽ ይጠብቁና «ደህና ብቻ?» ይሉታል። «እግዜር ይስጥልኝ»ን በ«አመሰግናለሁ» ተካ፤ እሱ እንኳ ያስኬዳል። «እግዜር ያውቃል» ለማለት «አይታወቅም» ይላል። ለቅሶ ቤት ሲገባ ግን አለቀ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»ን የሚተካ ነገር እስካሁን አላገኘም፣ እጅ ጨብጦ ዝም ይላል።

እኛ ደግሞ ድሮም ከዚህ ቋንቋ ግማሽ ውጪ ነበርን። የይሖዋ ምሥክር «ነፍስ ይማር» አይልም፤ በእምነቱ ነፍስ ራሷ ትሞታለችና የምትማር የለችም። በልጅነቴ ለቅሶ ቤት ሁሉም ሲለው እኔ ጫማዬን አይ ነበር። ማመን ካቆምኩ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ አባት ሞቱና ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ሳምን የከለከለኝን ቃል ሳላምን አልኩት። ሰውዬው እጄን አጥብቆ ያዘው። ቃሉ የእሱ ሐዘን ነበር፤ የእኔ አቋም መግለጫ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ማንም እንደ ስብከት ሰምቶት አያውቅም።

ራሴን ምን ብዬ ልጥራ? ኢ-አማኒ? ኤቲስት?

የፈለጋችሁትን። ትላልቆቻችን ፊት ግን አንድ ነገር አስቡ፤ በደርግ ዘመን ያለፈ ሰው «በእግዜር አላምንም» ሲባል የሚታየው የካድሬ ስብሰባ ነው። አጎቴ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፓርቲ ገባህ እንዴ?» ብሎ ነው። እኔ «እንጃ፣ አላምንም» ብዬ እተወዋለሁ።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ልጻፍ ወይስ ቀስ ብዬ ልቅር?

የተጠመቀና ያልተጠመቀ ሰው ጉዳይ ይለያያል። ካልተጠመቃችሁ የምትወገዱበት ነገር የለም። ከተጠመቃችሁና «ከእንግዲህ የይሖዋ ምሥክር አይደለሁም» ብላችሁ በጽሑፍ ካስታወቃችሁ ራሳችሁን እንዳገለላችሁ በጉባኤ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ወዳጆቻችሁ፣ አብሯችሁ የማይኖር ዘመድም ጭምር፣ እንደተወገደ ሰው ሊርቋችሁ ይችላሉ። ይህ አሠራር በተለይ የጠበቀው በ1981 ነው። በ2024 ቃሉ ተለውጦ «ከጉባኤ የወጣ» መባል ጀመረ፣ ስብሰባ ከመጣም ባጭሩ ሰላም ማለት ተፈቀደ፤ አብሮ መብላትና መጨዋወት ግን አልተፈቀደም።

እኔ ቀስ ብዬ ነው የቀረሁት። መጀመሪያ አገልግሎት ቀረሁ፣ ከዚያ የሳምንቱ መካከል ስብሰባ፣ ከዚያ ሁሉም። ደብዳቤ አልጻፍኩም። ጀግንነት አይደለም፤ እናቴን ማጣት አልፈለግኩም። ደብዳቤ ጽፈው እፎይ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ጽፈው የተጸጸቱም አውቃለሁ። ብትጽፉ እንኳ የመጀመሪያው የንዴት ሳምንት ላይ አትጻፉ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆናችሁ፣ ወይም ቤትና ምግብ የምታገኙት ከወላጅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ራሳችሁን ቻሉ።

ሌላ መርሳት የሌለብኝ፦ ቦርሳችሁ ውስጥ ደም አይሰጠኝ የሚለው ካርድ ካለ አውጥታችሁ ቅደዱት፣ ቅጂ የሰጣችኋቸውንም ሰዎች ሐሳቤን ቀይሬአለሁ በሏቸው። እምነቱን ትተው ካርዱን ከመታወቂያቸው ጀርባ የረሱ ስንት ሰው አለ። ሐኪም ራሳችሁን ስታችሁ ሲያገኛችሁ የሚያነበው ወረቀቱን ነው።

በሕግ ያስጠይቀኛል?

ኢትዮጵያ ውስጥ አያስጠይቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የሕሊናና የአስተሳሰብ ነፃነትን ይጠብቃል። የሰውን ሃይማኖት በአደባባይ መስደብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ስልካችሁ ላይ ስለ አምላክ የምትጽፉትን ተጠንቀቁ፤ እዚያ ሃይማኖትን ማንቋሸሽ እስር ቤት ያስገባል።

አንድ የምጨምረው አለ፣ በሕግ ባይሆንም በፍትሕ። ከወጣን በኋላ የቀሩትን ማላገጥ ይቀናናል። ኤርትራ በ1994 የይሖዋ ምሥክሮችን ዜግነት ነፈገች፤ በዚያው ዓመት የታሰሩት ጳውሎስ ኢያሱ፣ ይስሐቅ ሞጎስና ነገደ ተክለማርያም ክስ እንኳ ሳይመሠረትባቸው እስከ 2020 ታስረዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ማለት ነው። እምነታቸውን አልጋራም፤ በእነሱ ላይ የሚቀልድ ሰው ካለ ግን ቡና አብሬው አልጠጣም።

አሁን ጢም ተፈቅዷል፣ የስብከት ሰዓት መቁጠርም ለአብዛኞቹ ቀርቷል። አትመለስም?

ሁለቱም የተለወጡት በ2023 መጨረሻ ነው፣ ለውስጦቹ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን የወጣሁት በጢም አይደለም፤ ጢሜም አያድግም።

ልጆችህን ምን ብለህ ታሳድጋለህ?

አንድ ልጅ አለችኝ። «እግዚአብሔር የት ነው?» ስትለኝ «አያትሽ ሰማይ ላይ ነው ትላለች፣ እኔ አይቼው አላውቅም» እላታለሁ። ለጊዜው ይበቃታል፣ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። እናቴ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ስታነብላት አልከለክልም፤ አንድ ነገር ብቻ ለምኛታለሁ፣ የአርማጌዶንን ሥዕል እንዳታሳያት። እናቴ ተቆጣች፣ ግን አላሳየቻትም።

የይሖዋ ምሥክሮች ልደት አያከብሩም። ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት ግን ልደት አዘጋጀን፣ እኔ ራሴ በሕይወቴ ያየሁት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ልደት ይሆናል። ለእናቴ ደወልኩላት። «እንደማልመጣ ታውቃለህ» አለች። «አውቃለሁ እማዬ፣ እንድታውቂው ብዬ ነው» አልኳት። አልመጣችም። በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳና ስከፍት በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ገና የሚሞቅ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ቆማለች።

«የምን ዳቦ ነው?» አልኳት።

«ዱቄት ተርፎኝ ነው» ብላ አልፋኝ ገባች።